እልፍኝ የገባ እንግዳ፦ የኮምፒውተር ክራሽ ታሪክ

ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ በቁርጥራጩ ያውቀዋል። አንዱ የሚያስታውሰው ሰማያዊውን ስክሪን ነው። ሌላው ከፕሪንተሩ ካርቶን ውስጥ የወጣውን የድራይቨር ሲዲ፣ ሌላው ኤፍ8 ደጋግሞ እየተጫነ ሴፍ ሞድ የገባበትን ማታ ያነሳል። በ2024 አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ላይ ያደረ መንገደኛ ደግሞ ስለ አንድ ዓርብ ያወራል። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ የሚወጣው የአንድ ሙግት ታሪክ ነው፤ ሙግቱም በማሽኑ እምብርት ገብቶ እንዲሠራ የሚፈቀድለት ማን ነው የሚል ነው። ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1981–1990፦ አጥር ያልነበረው ግቢ

አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ በ1981 ለገበያ ሲያቀርብ፣ በውስጡ የነበረው ኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር አንዱን ፕሮግራም ከሌላው የሚከልልበት ዘዴ አልነበረውም። ሚሞሪው ለሁሉም ክፍት ነው። ደብዳቤ የሚጻፍበት ፕሮግራም ተሳስቶ የማይክሮሶፍቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዲኦኤስ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ቢጽፍ ሃይ የሚለው የለም። ማሽኑ ድርቅ ይላል፤ ቁልፍ ቢመታም መልስ አይሰጥም። ምን እንደተበላሸ የሚገልጽ ጽሑፍም አይወጣም፤ መግለጫውን ማውጣት የነበረበት ዲኦኤስ ራሱ ተደምስሷልና።

መፍትሔው እንደገና ማስነሳት ብቻ ነበር። ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ማሽኑን የሚያስነሳው የአይቢኤም መሐንዲስ ዴቪድ ብራድሊ ባበጀው አቋራጭ ነው። ብራድሊ ያሰበው ፕሮግራም እየሞከሩ በየጊዜው ማሽን ለሚደርቅባቸው ባልደረቦቹ ነበር፤ ደንበኛ ይጠቀምበታል ብሎ አልገመተም። ነገሩ ግን ከቤተ ሙከራው ወጣና በዓለም ላይ ያለ የቢሮ ጸሐፊ ሁሉ የሚያውቀው ሆነ።

ትልቁ መታጠፊያ በ1983 መጣ። ዲኦኤስ 2.0 ድራይቨር የሚባለው ነገር ከውጭ እንዲጨመር በር ከፈተ። ድራይቨር ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የማያውቀውን ዕቃ የሚያስተዋውቀውና የሚያናግርለት ትንሽ ፕሮግራም ነው። አንድ ካርድ እንዴት እንደሚታዘዝ በደንብ የሚያውቀው የሠራው ኩባንያ ስለሆነ ድራይቨሩንም የሚጽፈው እሱው ነው። ገዢው ኮንፊግ ሲስ በተባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ይጨምራል፤ አለቀ። ፒሲ ዓለምን ያዳረሰው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንም ኩባንያ ዕቃ ሠርቶ መሸጥ ቻለ። በዚያው ልክ፣ ማይክሮሶፍት ውስጥ ማንም አይቶት የማያውቅ ኮድ የማሽኑ እምብርት ውስጥ መሥራት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ያለው አርባ ዓመት ይህን በር ለመዝጋት የተደረገ ትግል ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

የሃርድዌሩም ግጭት ቀላል አልነበረም። አንድ ዕቃ የፕሮሰሰሩን ትኩረት የሚጠይቅበት መስመር አይአርኪው ይባላል። የመጀመሪያው ፒሲ 8 ብቻ ነበረው፤ ከእነሱም ሰዓቱና ኪቦርዱ ድርሻቸውን አስቀድመው ወስደዋል። ኮም 1 እና ኮም 3 የተባሉት መሰኪያዎች አይአርኪው 4ን ይጋሩ ስለነበር፣ ማውዙን በአንዱ ሞደሙን በሌላው የሰካ ሰው ሞደሙ ስልክ መደወል ሲጀምር ማውዙ ይደርቅበታል። የመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር ካርድ ከፋብሪካ የሚወጣው አይአርኪው 7 ላይ ተስተካክሎ ነበር፤ ያ ደግሞ የፕሪንተሩ መስመር ነው። ጠጋኙ ካርዱን ይነቅላል፣ ጃምፐር የምትባለውን ትንሽ ማገናኛ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል፣ መልሶ ሰክቶ ማሽኑን ያበራል። ካልሆነ ይደግማል።

በዚያ ላይ ሥራቸውን ጨርሰው ከሚሞሪ የማይወጡ ፕሮግራሞች ነበሩ። ቦርላንድ በ1984 ያወጣው ሳይድኪክ ዝነኛው ነው፤ ተደብቆ ይቀመጥና ቁልፍ ሲነካ ካልኩሌተርና ማስታወሻ ይዞ ብቅ ይላል። አንዱ ብቻ ሲሆን ግሩም ነው። ሁለትና ሦስት ሲሆኑ ግን ሁሉም ኪቦርዱን አስቀድሜ ልስማ ይላሉ፤ የትኛው መጀመሪያ መጫን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በየቢሮው ይከበር ነበር።

1990–1996፦ አዳራሽና እልፍኝ

ኢንቴል 386 የተባለውን ፕሮሰሰር በ1985 ሲያወጣ የጎደለው አጥር ተሟላ። ፕሮሰሰሩ ፕሮግራሞችን በማዕረግ ይለያል፤ ዊንዶውስ ከነዚህ ማዕረጎች ሁለቱን ብቻ ተጠቀመ። ልዩነቱን ለመረዳት የድሮ ቤተ መንግሥትን ማሰብ ይበቃል። በአዳራሹ ብዙ ሰው ይስተናገዳል፤ አንዱ ሰክሮ ቢረብሽ ዘበኛ ያወጣዋል፣ ግብሩም ይቀጥላል። እልፍኝ የገባ ሰው ግን ቢሰክር የሚያወጣው የለም፤ ሰይፉም ማኅተሙም ያለው እዚያው ነው። ተራ ፕሮግራሞች የአዳራሹ እንግዶች ናቸው። ከርነል የሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ልብ እልፍኙ ነው። ድራይቨር ከሃርድዌሩ ጋር በቀጥታ መነጋገር ስላለበት እልፍኝ ገቢ ሆነ።

አጥሩ መጀመሪያ ላይ ብዙም አላገለገለም። በ1990 የወጣው ዊንዶውስ 3.0 አንድ ፕሮግራም ሲያጠፋ «አንሪከቨረብል አፕሊኬሽን ኤረር» የሚል መልእክት ያወጣ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው 3.1 መልእክቱን «ጀኔራል ፕሮቴክሽን ፎልት» አለው። በሥሩ ያለው ዲኦኤስ ግን ያው አሮጌው አጥር የለሽ ግቢ ነበር።

እውነተኛው እልፍኝ የተሠራው በሌላ ክፍል ነው። ማይክሮሶፍት በ1988 ከዲጂታል ኩባንያ ያመጣው ዴቭ ከትለር ከነባልደረቦቹ ዊንዶውስ ኤንቲን ከመሠረቱ ጀምሮ ጻፈ፤ የመጀመሪያውም እትም በ1993 ወጣ። ሰማያዊው ስክሪን የመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ስክሪኑን የብልሽቱ መልክ አድርጎ ያየዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ኤንቲ በከርነሉ ውስጥ መሆን የማይገባው ነገር ሲሆን ካየ ሆን ብሎ ሥራውን ሁሉ ያቆማል። የተበላሸ ከርነል ሥራውን ከቀጠለ ሃርድ ዲስኩ ላይ የተበላሸ ነገር ሊጽፍ ይችላል፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ማጣት የአሥር ዓመት መዝገብ ከማጣት ይሻላል። የስክሪኑን ኮድ የጻፈው ጆን ቨርት የተባለው ፕሮግራመር ሲሆን፣ ነጭ በሰማያዊ የመረጠበትም ምክንያት ተራ ነው፤ ይሠራበት የነበረው ሚፕስ ኮምፒውተርም ስሊክኤዲት የተባለው ኤዲተሩም ነጭ ፊደል በሰማያዊ ላይ ያሳዩ ነበር።

ኤንቲ ሲጀመር ምስል የሚስለው ክፍል ከእልፍኙ ውጭ ነበር። አስተማማኝ ነው፤ ግን ይዘገያል፤ እያንዳንዱ መስኮት ሲከፈት መልእክት ከአዳራሽ ወደ እልፍኝ ሲመላለስ ጊዜ ይበላል። በ1996 ኤንቲ 4.0 ሲወጣ ማይክሮሶፍት ለፍጥነት ብሎ ግራፊክሱን ወደ ከርነል አስገባው፤ የግራፊክስ ካርድ ድራይቨሮችም አብረው ገቡ። ፍጥነቱ ተገኘ። ዋጋው የሚከፈልበት ቀን ግን ገና ነበር።

1995–1999፦ ሰክተህ ተጠቀም

ዊንዶውስ 95 ለተራው ሰው የመጣ ነው። ጃምፐር ማዛወር ቀረና ማሽኑ ራሱ ዕቃውን ለይቶ አይአርኪው የሚያድልበት «ፕለግ ኤንድ ፕሌይ» ተተካ። ለጠጋኙ ከዚህ የሚበልጡ ሁለት ስጦታዎች አብረው መጡ። አንዱ ዲቫይስ ማኔጀር ነው፤ የተጣላው ዕቃ አጠገብ ቢጫ ቃለ አጋኖ ያሳያል። ሁለተኛው ሴፍ ሞድ ነው። ማሽኑ እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ ይነሳል፤ በዚህ መልኩ ከሠራ ጥፋተኛው ከቀሩት አንዱ ነው ማለት ነው። የምርመራው ሐሳብ ከዲኦኤስ 6 የተወረሰ ነው። እዚያም በ1993 ኤፍ8 በመጫን ኮንፊግ ሲስን መስመር በመስመር እያሳለፉ ማስነሳት ይቻል ነበር። ሁሉን አውጥቶ አንድ በአንድ መመለስ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልተገኘለትም።

የሶፍትዌር ግጭት ግን ባሰ። ፕሮግራሞች የጋራ ኮድ ዲኤልኤል በሚባሉ ፋይሎች ይጋራሉ። አዲስ ጨዋታ ሲጫን ያለውን ዲኤልኤል በራሱ እትም ይተካዋል፤ ትናንት ይሠራ የነበረው የሒሳብ ፕሮግራም ዛሬ አልነሳም ይላል። ጨዋታው ቢጠፋ ፋይሉንም ይዞ ይሄዳል፤ አሁን ሁለቱም የሉም። ፕሮግራመሮች ይህን የዲኤልኤል ሲኦል ብለው ሰየሙት።

በሚያዝያ 1998 በቺካጎ ኮምዴክስ ላይ የማይክሮሶፍቱ ክሪስ ካፖሴላ ከቢል ጌትስ ጎን ቆሞ ዊንዶውስ 98 ስካነር ሲሰካለት እንዴት ራሱ እንደሚያውቀው ለሕዝብ ሊያሳይ ስካነሩን ሰካ። ማሽኑ ሰማያዊ ሆነ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ፤ ጌትስም ዊንዶውስ 98ን እስካሁን ያላወጣነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ያን ቀን ያየው ሰው ሁሉ የወቀሰው ግን ዊንዶውስን ነው፤ ስካነሩንና ድራይቨሩን ማን እንደሠራ የጠየቀ አልነበረም።

በእኛም አገር ኮምፒውተር በየቢሮውና በየኢንተርኔት ቤቱ ሲስፋፋ ከጠጋኝ ቤት የሚሰማው ፍርድ አንድ ዓይነት ሆነ፦ ፎርማት ይደረግ። የዲኤልኤል ሲኦል ባለበት ዘመን ፍርዱ ሞኝነት አልነበረም፤ ሁሉን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን እውነትም ግጭቱን ያጠፋ ነበር። ችግሩ ያንኑ አሮጌ ድራይቨር ከዚያው ሲዲ መልሶ መጫኑ ላይ ነው። ባለቤቱ ማሽኑን ይዞ ቤቱ ሲደርስ ክራሹም አብሮት ይደርሳል።

2000–2003፦ ማስረጃ ሲሰበሰብ

እስከዚህ ድረስ ማንም ጥፋተኛውን በቁጥር አያውቅም ነበር። ተጠቃሚው ማይክሮሶፍትን ይወቅሳል፤ ማይክሮሶፍት የካርድ ሠሪዎቹን ይጠረጥራል፤ ካርድ ሠሪው የሌላውን ሶፍትዌር ያሳብባል። የሁሉም ቃል የእምነት ጉዳይ ነበር።

ዊንዶውስ 2000 ሁለት መሣሪያ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው የሥርዓቱን ፋይሎች የሚጠብቅ ነው፤ የጨዋታ ጫኝ ዲኤልኤል ሲቀይር ያያል፣ ዋናውን ከመጠባበቂያ አምጥቶ ይመልሳል። በዚህም የዲኤልኤሉ ሲኦል እሳት ቀዘቀዘ። ሁለተኛው ድራይቨር ቬሪፋየር ሲሆን የተመረጠውን ድራይቨር ሆን ብሎ ያስጨንቃል፤ ሚሞሪ ሲጠይቅ ይከለክለዋል፣ የማይገባው ቦታ ሲነካ ወዲያው ማሽኑን ያቆማል። ድሮ ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ቦታ ላይ የሚፈነዳው ስሕተት አሁን በተሠራበት ቅጽበት ይያዛል። ዛሬም ባለሙያ የሚጠቀምበት መሣሪያ ነው፤ ሴፍ ሞድ ገብቶ ማጥፋት ለማይችል ሰው ግን አይመከርም።

ዋናው ለውጥ በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር የመጣው ነው። ማሽኑ ክራሽ ሲያደርግ የመጨረሻውን ቅጽበት ሚኒደምፕ በሚባል ትንሽ ፋይል ይመዘግባል፤ ሲነሳም ሪፖርቱን ለማይክሮሶፍት ልላክ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎች ጥያቄውን እንደ ረባሽ ዝንብ አባርረውታል። የላኩት ግን በሚሊዮን ይቆጠራሉ፤ ማይክሮሶፍትም ተመሳሳዮቹን በአንድ ላይ እያከማቸ መቁጠር ጀመረ። በ2002 ስቲቭ ባልመር ለደንበኞች በጻፈው ደብዳቤ የተገኘውን ተናገረ፤ ከስሕተቶቹ 20 በመቶ የሚሆኑት 80 በመቶ ለሚሆነው ችግር ምክንያት ናቸው፤ 1 በመቶው ብቻ ደግሞ ግማሹን ችግር ያደርሳል። ክራሽ የዕድል ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ጥቂት ጥፋተኞች አሉ፤ አድራሻቸውም ይታወቃል።

አድራሻውን በግልጽ የጻፉት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማይክል ስዊፍት፣ ብራያን በርሻድና ሄንሪ ሌቪ ናቸው። በ2003 ባወጡት ጥናት በኤክስፒ ላይ ሪፖርት ከተደረጉት ክራሾች 85 በመቶው በድራይቨር የመጡ መሆናቸውን ጠቀሱ። ሊኑክስን የመረመረ ሌላ ቡድን ደግሞ በ2001 የድራይቨሮች ኮድ ከቀረው ከርነል ከ3 እስከ 7 እጥፍ የሚደርስ የስሕተት መጠን እንዳለው አሳይቶ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የዊንዶውስ ብቻ አይደለም።

ድራይቨር ለምን እንዲህ ይሳሳታል? የሚጽፈው የካርድ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው የሚሸጠው ብረት ስለሆነ ለሶፍትዌሩ የሚመድበው ሰው ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነው። ሥራውም ከባድ ነው። ዕቃው ጥሪ ሲያሰማ ድራይቨሩ ፕሮሰሰሩን ከማንኛውም ሥራ ነጥቆ ይይዛል፤ በዚያ ቅጽበት ወደ ዲስክ የተዛወረ የሚሞሪ ገጽ ቢነካ ገጹን የሚያመጣለት የለም፤ ሁሉም ቆሞ እሱን እየጠበቀ ነውና። ከብዙ ሰማያዊ ስክሪኖች ላይ የምናነበው «አይአርኪውኤል ኖት ለስ ኦር ኢኳል» የሚለው እንቆቅልሽ በአብዛኛው ይህንን ማለቱ ነው።

የድራይቨር ማርጀት ነገርም እዚህ ላይ ይገባል። ኮድ እንደ ብረት አይዝግም፤ በዙሪያው ያለው ነገር ግን ይለወጣል። በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ብቻ የተፈተነ ድራይቨር «ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ አይነኩኝም» የሚል ያልተጻፈ እምነት አለው። ከ2002 ጀምሮ ኢንቴል በአንድ ፕሮሰሰር ሁለት ሥራ ጎን ለጎን የሚያስኬድበትን ስልት ወደ ተራው ፔንቲየም 4 አመጣ፤ በ2005 ሁለት ኮር ያላቸው ተከተሉ። ለዓመታት ሲያገለግል የነበረ ድራይቨር አንድ ፊደል ሳይቀየርበት ክራሽ ማድረግ ጀመረ። ድራይቨርህን አዘምን የሚለው ምክር ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ነው። ኤክስፒም ተቃራኒውን መንገድ አብሮ ሰጠ፤ አዲሱ ካስቸገረ ወደ ቀድሞው የሚመልስ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚል አዝራር።

በማይክሮሶፍት ምርምር ክፍል ደግሞ ቶማስ ቦልና ስሪራም ራጃማኒ ስላም የተባለውን ፕሮጀክት ይሠሩ ነበር። የድራይቨርን ኮድ ሳያስኬዱ በሒሳብ መርምሮ ሕግ የሚጥስበትን መንገድ የሚያገኝ መሣሪያ ነው፤ በኋላ ለድራይቨር ጸሐፊዎች ሁሉ በነጻ ተሰጠ። ከዩኒቨርሲቲ ወረቀት ወጥተው ተራውን ሰው ከክራሽ ካዳኑ ጥቂት የሎጂክ ሥራዎች አንዱ ይመስለኛል።

2005–2009፦ የእልፍኙ በር ጠባቂ

በ2005 ጥቅምት መጨረሻ ማርክ ሩሲኖቪች የተባለው የዊንዶውስ ሊቅ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የተደበቀ ድራይቨር አገኘ። የመጣው ከሶኒ ቢኤምጂ የሙዚቃ ሲዲ ነው። ሲዲው ኮፒ እንዳይደረግ ተብሎ የተጫነ፣ ራሱን ከተጠቃሚው የሚሰውርና ቢነቅሉት ሲዲ ማጫወቻውን ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ነበር። ዘፈን ሻጭ እልፍኝ ድረስ ገብቷል፤ ማንም አልጠየቀውም። ያ ቅሌት እንግዲህ ማን ይግባ የሚለውን ጥያቄ ከመሐንዲሶች ጠረጴዛ ወደ ጋዜጣ አወጣው።

ዊንዶውስ ቪስታ በጥር 2007 ለሕዝብ ሲሸጥ በ64 ቢት እትሙ ላይ በሩ ጠበበ። ዲጂታል ፊርማ የሌለው ድራይቨር ከርነል አይገባም። የገባም ቢሆን የከርነሉን ኮድ ሲነካካ ከተያዘ ማሽኑ ይቆማል። አንቲቫይረስ የሚሠሩት ኩባንያዎች በዚህ ተቆጡ፤ ከርነሉን መነካካት የሥራቸው አካል ነበርና። ሲማንቴክና ማካፊ ገና ቪስታ ሳይወጣ፣ በ2006፣ ማይክሮሶፍት ተወዳዳሪዎቹን ሊያባርር ነው ብለው ጮኹ፤ ማካፊ በፋይናንሺያል ታይምስ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። የአውሮፓ ኮሚሽንም ጆሮውን ሰጠ። ማይክሮሶፍት ለስለስ ብሎ ለደኅንነት ኩባንያዎች የተፈቀደ መግቢያ እንደሚያዘጋጅ ቃል ገባ፤ በ2009 ከኮሚሽኑ ጋር ባደረገው ስምምነትም የራሱ ምርቶች የሚያገኙትን መንገድ ለሌሎች ሊከፍት ተስማማ። ይህን አንቀጽ ያዙት፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ይነሳል።

ቪስታ ሌላም ዕዳ ከፈለ፦ የ1996ቱን። የግራፊክስ ድራይቨሩን አብዛኛውን ክፍል ከእልፍኝ ወደ አዳራሽ መልሶ አወጣው፤ ካርዱ ለሁለት ሴኮንድ ያህል መልስ ካልሰጠም ዊንዶውስ ድራይቨሩን ብቻ እንደገና እንዲያስነሳ አደረገ። ዛሬ ስክሪኑ ጥቁር ብልጭ ብሎ ሲመለስና «የዲስፕሌይ ድራይቨሩ ቆሞ ነበር፣ ተመልሷል» ሲል የምናየው ይህ ነው፤ በኤክስፒ ዘመን ቢሆን ክራሽ ይሆን ነበር።

ለውጡ ትክክል ነበር፤ ወጪው ግን ወዲያው መጣ። የግራፊክስ ድራይቨር ሁሉ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት፤ ካርድ ሠሪዎቹም አልደረሱም። በኋላ ማይክሮሶፍት ላይ በቀረበ ክስ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች በ2008 ይፋ ሲሆኑ የ2007 የክራሽ ቆጠራ አብሮ ወጣ። ከተመዘገቡት የቪስታ ክራሾች 28.8 በመቶው ከኤንቪዲያ ድራይቨሮች፣ 17.9 በመቶው ከማይክሮሶፍት ከራሱ፣ 9.3 በመቶው ከሌላው ካርድ ሠሪ ከኤቲአይ የመጡ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ቪስታን ጠላ፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልታደሰም። ዊንዶውስ 7 በ2009 ሲመጣ ያንኑ የድራይቨር አሠራር ይዞ ነው፤ ሁለት ዓመት የበሰሉ ድራይቨሮች ስላገኘ ተመሰገነ።

2010–2019፦ ጸጥታው

ይህ ዘመን ለጠጋኝ ቀዝቃዛ ነበር። ድራይቨሮች በዊንዶውስ አፕዴት በኩል በራሳቸው መምጣት ጀመሩ፤ ሲዲው ሞተ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሰማያዊውን ስክሪን በተከፋ ፊት አሳመረውና የቁጥር ጫካውን አነሳው። ለተራው ሰው ጥሩ ነው፤ ለሚመረምረው ግን ፍንጩን ወሰደበት፤ የሚኒደምፑን ፋይል ከፍቶ የሚያነብ ፕሮግራም የግድ ሆነ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን በሚያዝያ 2010 ተሰምቶ ነበር። የማካፊ አንቲቫይረስ ዕለታዊ አፕዴት በኤክስፒ ላይ ያለውን ኤስቪሲሆስት የተባለ የዊንዶውስ የራሱን ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ያዘው፤ ብዙ ድርጅቶች ውስጥ ኮምፒውተሮች እየጠፉ እየበሩ ዋሉ። በወቅቱ የማካፊ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ጆርጅ ከርትዝ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ክራውድስትራይክ የተባለውን የደኅንነት ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

አፕል በ2019 ካታሊና በተባለው የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እትሙ የደኅንነት ኩባንያዎችን ከከርነል እያስወጣ ከውጭ ሆነው የሚሠሩበትን መንገድ ሰጣቸው። ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር እንደ ማይክሮሶፍት ያለ ስምምነት አልነበረበትም።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዕለቱ ዓርብ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 19 ቀን 2024 ነው። በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ሲሆን ክራውድስትራይክ ፋልከን ለተባለው የደኅንነት ሶፍትዌሩ አንድ ትንሽ ፋይል ለዓለም ላከ። ፋይሉ ድራይቨር አይደለም፤ ድራይቨሩ ምን ዓይነት ጥቃት መፈለግ እንዳለበት የሚነግር መመሪያ ነው። ልዩነቱ ዋናው ነገር ነው። ድራይቨሩ በማይክሮሶፍት ተፈትኖ የተፈረመ ነበር። መመሪያው ግን ያንን ፈተና አያልፍም፤ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ በሌላ በር ይገባል።

አዲሱ መመሪያ 21 መረጃዎችን ይጠብቃል፤ ድራይቨሩ የሚያቀርብለት 20 ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት መመሪያዎች 21ኛው ቦታ ላይ «ምንም ይሁን» የሚል ምልክት ስለተቀመጠ ጉድለቱን ማንም አላየውም፤ መመሪያዎቹን የሚፈትሸው ፕሮግራምም ስሕተት ነበረበትና አሳለፈው። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ 21ኛው በእውነት ተፈለገ። ድራይቨሩ የሌለ ነገር ለማንበብ ከተፈቀደለት ሚሞሪ ውጭ እጁን ሰደደ፤ ዊንዶውስም በ1993 እንደተማረው ሁሉን አቆመ። ፋልከን ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚነሳ በመሆኑ ማሽኑ እንደገና ሲበራ እንደገና ይወድቃል።

ክራውድስትራይክ ከ78 ደቂቃ በኋላ ፋይሉን መለሰ። የወደቁት ማሽኖች ግን እርማቱን ለማውረድ እንኳ መነሳት አልቻሉም። ማይክሮሶፍት 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖች እንደተጎዱ ገመተ፤ ከጠቅላላው 1 በመቶ አይሞላም፤ ግን የነበሩት በባንክ፣ በሆስፒታልና በአየር መንገድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዴልታ አየር መንገድ ብቻ ወደ 7,000 በረራዎችን ሰረዘ።

ጥገናው የ1995 ዓይነት ነበር፦ በየማሽኑ ፊት መቀመጥ፣ ሴፍ ሞድ መግባት፣ የድራይቨሮቹን ፎልደር ከፍቶ ስሙ በሲ-00000291 የሚጀምረውን ፋይል ማጥፋት። ዲስካቸው በቢትሎከር የተቆለፈባቸው ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ማሽን ረጅም የቁጥር ቁልፍ ማስገባት ነበረባቸው፤ ቁልፎቹን ያስቀመጡበት ሰርቨር ራሱ የወደቀባቸውም ነበሩ። ለክላውድ ማሽኖች ማይክሮሶፍት እስከ 15 ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩ አለ፤ ከስንቱ በአንዱ እርማቱ ከክራሹ ቀድሞ ሊገባ ይችላልና። ዘወትር አዘምኑ የሚባለው ምክር በዚያ ዓርብ ተገለበጠ፤ ሌሊቱን ማሽናቸውን አጥፍተው የተኙት ዳኑ።

የ2009 ስምምነት የተነሳው ያኔ ነው። ማይክሮሶፍት የደኅንነት ኩባንያዎችን እንደ አፕል ከከርነል ማስወጣት ያልቻለው በዚያ ስምምነት ምክንያት ነው አለ። ኮሚሽኑ በበኩሉ ኩባንያው አሠራሩን መለወጥ እንደሚችል መለሰ። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል ብዬ አስባለሁ፤ ስምምነቱ እኩል መንገድ ስጥ እንጂ መንገዱ በእልፍኝ በኩል ይሁን የሚል አይመስለኝም። ማይክሮሶፍት የራሱን አንቲቫይረስም ቢያስወጣ ኖሮ የሚከራከረው አይኖርም ነበር።

ከ2024 ወዲህ

በኅዳር 2024 ማይክሮሶፍት የመቋቋም አቅም ዕቅዱን ይፋ አደረገ። በ2025 ሁለት ነገሮች ተከተሉ። መነሳት ያቃተው ማሽን ራሱ ከኢንተርኔት እርማት የሚያወርድበት መንገድ ተዘጋጀ። አንቲቫይረስ ሠሪዎች ደግሞ ከከርነል ውጭ ሆነው የሚሠሩበትን አዲስ መድረክ መሞከር ጀመሩ። ጨዋታ ሲጭበረበር የሚይዙ ፕሮግራሞች ግን ዛሬም እልፍኝ ውስጥ ናቸው፤ ራዮት የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ቫንጋርድን በ2020 ሲያመጣ ለዚህ ነው ያነጋገረው። ጨዋታ ከጫነ በኋላ ክራሽ የበዛበት ወጣት መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህን ነው።

ስክሪኑም በ2025 ተቀየረ። ሰማያዊው ቀርቶ ጥቁር ሆነ፤ የተከፋው ፊትና በኋላ የታከለበት ኪውአር ኮድም ተነሱ። በምትካቸው የክራሹ ኮድና፣ ሊታወቅ በተቻለ ጊዜ፣ ጥፋተኛ የተባለው ድራይቨር የፋይል ስም ተጻፈ። ጠጋኙ ብሉስክሪንቪውን የመሰለ ፕሮግራም አውርዶ ሚኒደምፕ መክፈት ሳያስፈልገው ከፎርማት በፊት የሚፈልገውን ስም እዚያው ያነበዋል።